ሁሉም የገለበጠው ማሽን፦ የጥጥ መዳመጫው የፓተንት ክርክር

መነሻ

የፈጠራ መብት ወሬ ሲነሳ የሁሉም ምክር አንድ ነው። «ቶሎ ሄደህ አስመዝግብ» ይላሉ። ምክሩ ክፉ አይደለም። ግን ካስመዘገቡ በኋላስ? ይህ ጽሑፍ ሁሉን በወጉ ያደረገ አንድ ሰው የገጠመውን ይተርካል። ማሽኑ ሠርቶለታል። ፓተንቱም፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫው፣ በእጁ ገብቷል። ሰውየው ኢላይ ዊትኒ ነው፤ ማሽኑ የጥጥ መዳመጫ። አገሩ አሜሪካ፣ በተለይም የጆርጂያ ግዛት። ክርክሩ በ1790ዎቹ ተጀምሮ ዋናው ፍርድ የተሰጠው በ1807 ነው።

ጉዳዩ ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ይታለፋል። «ሕጉ ቀዳዳ ስለነበረው ተሸነፈ» ይባላል። እርግጥ ቀዳዳው ነበር። ግን ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላም ነገሩ ሰባት ዓመት ፈጅቷል። ስለዚህ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለብን። እኔ እንደማየው ዋናው ምክንያት ዋጋው ነው። ፈጣሪውና ሸሪኩ የጠየቁት ክፍያ አንድ አውራጃ ሙሉ ሰው ባንድ ጊዜ ተቃዋሚ አደረገባቸው። ከዚያ በኋላ ከሳሽ ሆነው ሲቆሙ የሚፈርድላቸውም የሚመሰክርላቸውም ጠፋ።

መጨረሻ ላይ ከሚነሳው የኢትዮጵያ አዋጅ በቀር ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በታሪክ የታወቁትን ሰዎች በስም እጠራለሁ። ተከሳሾቹን፣ ምስክሮቹንና የግዛት ሹማምንቱን ግን በድርሻቸው ብቻ አነሳለሁ። የእነሱ ስም ለትምህርቱ የሚጨምረው ነገር የለም።

ዳራ

በ1790ዎቹ መጀመሪያ የእንግሊዝ የጨርቅ ፋብሪካዎች ጥጥ አጥተው ነበር። በአሜሪካ ደቡብ ደግሞ መሬት ሞልቶ የሚያዋጣ ሰብል ጠፍቷል። ጥጥ መዝራት ይቻል ነበር፤ ችግሩ ፍሬው ላይ ነው።

ሁለት ዓይነት ጥጥ ነበረ። አንደኛው በባሕር ዳርቻ ብቻ የሚበቅለው ረጅም ጭረት፣ ማለትም ረጅም የጥጥ ክር፣ ያለው ነው። ጥቁርና ለስላሳ ፍሬው በቀላሉ ይላቀቃል። እኛ አገር ሴቶች ጥጡን ድንጋይ ላይ አድርገው የብረት ዘንግ እያሽከረከሩበት እንደሚዳምጡት፣ እዚያም በሁለት ተሽከርካሪ እንጨቶች መካከል እያሳለፉ ፍሬውን ያስቀሩታል። ሁለተኛው ወደ ውስጥ ገባ ባለው አገር የሚበቅለው አጭር ጭረት ያለው ጥጥ ነው። ፍሬው አረንጓዴ ነው፤ ጭረቱን አጥብቆ ይይዛል፤ በዘንግም ቢሉት በእንጨት አይላቀቅም። በጣት መልቀም ብቻ ነበር መፍትሔው። አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲለቅም ውሎ የሚያገኘው ንጹሕ ጥጥ አንድ ፓውንድ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ነበር። ያንን የሚለቅሙት በአብዛኛው በባርነት የተያዙ ሰዎች ናቸው፤ ወደዚህ ጉዳይ በኋላ እመለሳለሁ።

ዊትኒ የሰሜን ሰው ነው። በማሳቹሴትስ ተወልዶ በ1792 ከዬል ኮሌጅ ተመረቀ። ዕዳ ነበረበትና በአስተማሪነት ሊቀጠር ወደ ደቡብ ወረደ። የታሰበው ሥራ ሳይሆንለት ቀረ። በሳቫና ከተማ አጠገብ ባለው መልበሪ ግሮቭ በተባለ እርሻ በእንግድነት ተቀመጠ። የእርሻው ባለቤት የአንድ የነጻነት ጦርነት ጄኔራል ሚስት የነበሩት ወይዘሮ ካትሪን ግሪን ናቸው። እርሻውን የሚያስተዳድረው ደግሞ ፊኒያስ ሚለር የተባለ፣ እሱም የዬል ምሩቅ ነው። እዚያ ቤት ስለ ጥጡ ፍሬ ሲወራ ሰማ። በጥቂት ወራት ውስጥ ማሽኑን ሠራ።

ማሽኑ

የክርክሩ ግማሽ በማሽኑ አሠራር ላይ ስለሆነ ትንሽ ጠጋ ብለን እንየው።

አንድ ድብልብል የእንጨት ግንድ የመሰለ ተሽከርካሪ አለ። ገላው ላይ በረድፍ በረድፍ የሽቦ ጥርሶች ተተክለውበታል። ከፊቱ ጠባብ ጠባብ ክፍተት ያለው ፍርግርግ ቆሟል። ጥጡ ከፍርግርጉ በወዲህ በኩል ይጨመራል። ግንዱ ሲሽከረከር ጥርሶቹ በክፍተቶቹ እየገቡ ጭረቱን ነክሰው ወደ ውስጥ ይጎትታሉ። ፍሬው ግን ከክፍተቱ ስለሚሰፋ አያልፍም፤ ተላቅቆ ወደ ታች ይወድቃል። ከኋላ ደግሞ ብሩሽ የለበሰ ሌላ ግንድ በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራል። ጥርሶቹ ላይ የተጠመጠመውን ጥጥ እየጠረገ ያወርደዋል። ብሩሹ ባይኖር ማሽኑ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በጥጥ ተወትፎ ይቆም ነበር። የብሩሹን ሐሳብ ያመጡት ወይዘሮ ግሪን ናቸው የሚል ወግ አለ፤ በማስረጃ የተደገፈ ግን አይደለም።

ዊትኒ በ1793 ለአባቱ በጻፈው ደብዳቤ ማሽኑን አንድ ሰው በእጁ ቢያዞረው በዘመኑ ከነበረው መንገድ ሁሉ አሥር እጥፍ እንደሚያጸዳ ነገረው። በፈረስ ሲዞር ደግሞ አንድ ሰውና አንድ ፈረስ ከሃምሳ ሰው በላይ እንደሚሠሩ ጻፈ።

ልብ በሉ፤ ክፍሎቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እንጨት፣ ሽቦና ብሩሽ። አንድ ጊዜ ቆሞ ያየ አናጢ ወይም ቀጥቃጭ ወደ ቤቱ ሄዶ ሊሠራው ይችላል። የማሽኑ ውበትም የባለቤቱ መከራም ይኸው ቀላልነቱ ነው።

ፓተንቱና የንግድ ዕቅዱ

በግንቦት 1793 ዊትኒና ሚለር ሽርክና ገቡ። ገንዘቡን ሚለር ያመጣል፤ ሥራውን ዊትኒ ይሠራል፤ ትርፉ እኩል ይካፈላል። በሰኔ ወር ዊትኒ የፓተንት ማመልከቻውን ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለቶማስ ጄፈርሰን አቀረበ። በዚያ ዘመን ፓተንት የሚሰጠው በዚያ መሥሪያ ቤት በኩል ነበር። በዚያው ዓመት ዋና ከተማዋን ፊላደልፊያን ቢጫ ወባ መታትና ሥራ ሁሉ ተጓተተ። በኅዳር ጄፈርሰን መልስ ጻፉለት። የማሽኑን ሞዴል እንዲልክ ከመጠየቃቸውም በላይ ስንት ሰው እንደሚያስፈልገው፣ ምን ያህል እንደሚያጸዳ ጠየቁት። እሳቸው ራሳቸው ባለ እርሻ ናቸው። ፓተንቱ በመጋቢት 14 ቀን 1794 ወጣ። ዘመኑ 14 ዓመት ነው።

በ1793ቱ የፓተንት ሕግ መንግሥት ፈጠራውን አይመረምርም ነበር። ወረቀት ያሟላ ሰው ይመዘገባል። የመጀመሪያ ፈጣሪ ማን ነው? ሥራው አዲስ ነው ወይ? ይህ ሁሉ ለፍርድ ቤት የተተወ ነው። ምርመራ እንደገና የመጣው በ1836 በወጣው ሕግ ነው። ስለዚህ ዊትኒ የያዘው ወረቀት ገና ያልተፈተነ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ስሕተት እንምጣ። ሁለቱ ሸሪኮች ማሽኑን ላለመሸጥ ወሰኑ። በየቦታው ራሳቸው መዳመጫ ጣቢያ ያቆማሉ። ገበሬው ጥጡን ይዞ ይመጣል። ይዳመጥለታል። ክፍያው በጥጥ ነው፤ ከአምስት እጅ ሁለቱ የእነሱ ይሆናል። አንድ ሰው መቶ ፓውንድ ንጹሕ ጥጥ ቢወጣለት አርባው ቀርቶ ስድሳውን ይዞ ይሄዳል ማለት ነው።

በወረቀት ላይ ዕቅዱ ያጓጓል። ጥጥ በበዛ ቁጥር ገቢው ይበዛል። ነገር ግን ገበሬው አጠገብ አናጢ አለ። አናጢው ያንኑ ማሽን በመጠነኛ ዋጋ ይሠራለታል። ከዚያ መቶውም የራሱ ነው። ከ40 በመቶ ግብርና ከጎረቤት አናጢ የቱን ይመርጣል? መልሱ ብዙ ማሰብ አይጠይቅም።

ችግሩ

ሌብነቱ ፓተንቱ ሳይወጣ ነው የጀመረው። የመጀመሪያው ማሽን ያለበትን ቤት ሌሊት ሰብረው ወሰዱት ተብሎ ይተረካል። ሆነም አልሆነ ወሬው ተሰራጭቶ ነበር። በ1794 ገበሬው ሁሉ ጥጥ ዘርቶ ይጠብቃል፤ የሸሪኮቹ ማሽን ግን አልደረሰም። ማሽኖቹ የሚሠሩት እዚያ ማዶ፣ በኮኔቲከት ግዛት ኒው ሄቨን ከተማ ነው። በዚያ ላይ በመጋቢት 1795 የዊትኒ ወርክሾፕ ተቃጠለ። ወደ ሃያ የሚጠጉ ማሽኖችና ወረቀቶቹ አብረው ወደሙ። ብድር ተወደደ። ጥጡ መሬት ላይ ነው፤ ገበሬው ደግሞ አይጠብቅም።

ቀጥሎ ሌላ ዱብ ዕዳ መጣ። ከእንግሊዝ «በዚህ ማሽን የተዳመጠ ጥጥ ጭረቱ ይጎዳል» የሚል ወሬ ደረሰ። በ1796 ሸሪኮቹ በጆርጂያ ወደ ሠላሳ የሚሆኑ ማሽኖች በስምንት ቦታዎች ተክለው ነበር። ከወሬው በኋላ ብዙዎቹ ቆሙ። የሚያስቀው ነገር፣ በተሰረቁት ማሽኖች የተዳመጠው ጥጥ ገበያ አላጣም።

በዚያው ዓመት የጆርጂያዋ ኦገስታ ከተማ ሰው ሌላ ፓተንት አወጣ። የእሱ ማሽን በሽቦ ጥርስ ፈንታ ክብ የብረት መጋዝ ይጠቀማል። መንግሥት ስለማይመረምር እሱም ተመዘገበለት። አሁን የሚገለብጡት ሁሉ የሚሉት አገኙ፦ «እኛ የዊትኒን አይደለም የሠራነው፤ የእኛ መጋዝ ነው።»

የተወሰዱ እርምጃዎች

*የመጀመሪያው ክስ።* ሸሪኮቹ በጆርጂያ ፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ። የመጀመሪያው መዝገብ በ1797 ለፍርድ ደረሰ። ሚለር በዚያው ግንቦት ለዊትኒ የጻፈው ደብዳቤ ሁኔታውን በደንብ ያሳያል። ዳኛው ለጁሪው፣ ማለትም ፍርዱን ለሚሰጡት ተራ ዜጎች፣ የሰጡት ማብራሪያ ለከሳሾቹ ያደላ ነበር። ተከሳሹ ራሱ ተስፋ ቆርጦ፣ ከዚህ ፍርድ ለመገላገል ሁለት ሺህ ዶላር ብከፍል ደስ ይለኛል ብሎ ለሰው አውርቷል። ጁሪው ወደ አንድ ሰዓት ያህል ተማክሮ ወጣ። ፍርዱ ለተከሳሽ ሆነ። ይግባኝ የሚባልበት መንገድም አልነበረም።

እዚህ ላይ ነው የሕጉ ቀዳዳ። የ1793ቱ ሕግ ጥሰትን ሲተረጉም «የሠራ፣ የፈለሰፈና የተጠቀመ፣ ወይም የሸጠ» ይል ነበር። የተከሳሽ ጠበቆች «ሠርቶም ተጠቅሞም ካልተገኘ አልጣሰም» አሉ። አናጢው ሠርቷል፤ አልተጠቀመበትም። ገበሬው ተጠቅሟል፤ አልሠራውም። በዚህ አቆጣጠር ጥፋተኛ የሚባል ሰው አይገኝም። ፓተንቱ ለጊዜው የአህያ ባል ሆነ።

ብዙ ጊዜ የማይነሳ ሌላ ነጥብ አለ። ሕጉ ካሳን የሚያሰላው ባለ ፓተንቱ ፈጠራውን ለሌሎች በሚሸጥበት ወይም በሚያከራይበት የተለመደ ዋጋ ላይ ተመሥርቶ፣ ቢያንስ የዚያን ሦስት እጥፍ ነው። ሚለርና ዊትኒ ግን ማሽኑን አይሸጡም፣ ፈቃድም አይሰጡም ነበር። የተለመደ ዋጋ የላቸውም። ቢያሸንፉ እንኳ የምን ሦስት እጥፍ ሊጠይቁ ኖሯል? የንግድ ዕቅዳቸውና ሕጉ ጨርሶ አልተገናኙም።

*ሕጉን ማሻሻል።* በ1800 ኮንግረስ ሕጉን አሻሻለ። ከዚያ በኋላ መሥራት ብቻ ወይም መጠቀም ብቻ ጥሰት ሆነ። ካሳውም በደረሰው ትክክለኛ ጉዳት ሦስት እጥፍ እንዲሰላ ተደረገ። ሁለቱም ቀዳዳ በአንድ ሕግ ተደፈነ።

ታዲያ ነገሩ ተፈታ? አልተፈታም። በዚያው ዓመት የጆርጂያ ገዥ በፓተንቱ ላይ በግልጽ ተነሳ። ዊትኒ ከዓመታት በኋላ ለሮበርት ፉልተን፣ የእንፋሎት መርከብ ለሠራውና እሱም በፓተንት ክርክር ለተጠመደው ሰው፣ በጻፈው ደብዳቤ ምስክር እንዴት እንደጠፋ ይነግረዋል። ማሽኑ ለሁሉም ጥቅም ስለሰጠ ሁሉም ጣሽ ሆነ፤ አንዱ ሌላውን አበረታ። በአንድ ወቅት በጆርጂያ ፍርድ ቤት ቀርቦ በዓይኑ ያየውን ቀላል ነገር የሚመሰክር ሰው ማግኘት ብርቅ ነበር። አንዴማ ማሽኑ በጆርጂያ ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉን ማስረዳት አቃተው። ችሎቱ ከተቀመጠበት ሕንፃ በሃምሳ ያርድ ውስጥ፣ ማለትም አርባ አምስት ሜትር ገደማ፣ ሦስት ማሽኖች እየሠሩ ነበር። የመንኮራኩሩ ድምፅ በፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ጥርት ብሎ ይሰማል። ውስጥ ግን «ማሽን አይተሃል?» ሲባል ያየ የለም።

ይህን ደብዳቤ ያነበበ ሰው ጉዳዩን የሕግ ጉዳይ ብቻ ነው ማለት አይችልም።

*ወደ ፈቃድና ወደ ግዛቶች መዞር።* ሸሪኮቹ ዘግይተውም ቢሆን ነቁ። ድርሻ መቀበሉን ትተው የመጠቀም ፈቃድ መሸጥ ጀመሩ። ከዚያም አንድ የተሻለ ሐሳብ መጣ። ከእያንዳንዱ ገበሬ ጋር ከመታገል መብቱን ለግዛቱ በጅምላ መሸጥ። በ1801 መጨረሻ የሳውዝ ካሮላይና ምክር ቤት 50 ሺህ ዶላር ለመክፈል ተስማማ። 20 ሺው ወዲያው፣ ቀሪው በየዓመቱ አሥር አሥር ሺህ። በ1802 ኖርዝ ካሮላይና በሌላ መንገድ መጣች። በየማሽኑ ላይ ባለው የመጋዝ ቁጥር ልክ ለአምስት ዓመት ቀረጥ ጥላ ገንዘቡን ለዊትኒ አስተላለፈች። በ1803 ቴነሲም ተመሳሳይ ውሳኔ አሳለፈች።

ይህም ያለ እክል አልሄደም። ሳውዝ ካሮላይና ሐሳቧን ቀየረች። ክፍያውን አቁማ የከፈለችውን እንዲመልሱ ሸሪኮቹን ከሰሰች። ዊትኒ ሄዶ ተከራከረ። በ1804 ውሉ እንደገና ጸና። ሚለር ግን ይህን አላየም። በታኅሣሥ 1803 ሞቷል።

የ1807ቱ ፍርድ

በ1807 ጉዳዩ በጆርጂያ ፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛ ዊልያም ጆንሰን ፊት ቀረበ። ጆንሰን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ናቸው፤ በዚያ ዘመን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች በየግዛቱ እየዞሩ ያስችሉ ነበር። የሳውዝ ካሮላይና ተወላጅ ናቸው። የጥጥ አገር ልጅ በመሆናቸው ፍርዱ ከሰሜን የመጣ ጫና ነው ሊባል አልቻለም።

ተከሳሹ ሦስት መከላከያ አቀረበ። ፈጠራው የዊትኒ አይደለም፤ ጥቅም የለውም፤ እኛ የምንጠቀመው ከፓተንቱ የተለየ ነው።

ዳኛው ስለ ጥቅሙ ብዙ ማውራት ጊዜ ማባከን ነው አሉ። በዚህ አዳራሽ ጥቅሙን ያልቀመሰ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። «ዕዳችን ተከፍሏል፤ ሀብታችን ጨምሯል፤ መሬታችንም ዋጋው ሦስት እጥፍ ሆኗል» አሉ። «የእኛ» ማለታቸውን አስተውሉ።

ክርክሩ የጠነከረው በሦስተኛው ላይ ነው። ሽቦና መጋዝ አንድ ነው ወይስ ሁለት? ስለዚህ አንድ ደስ የሚል ታሪክ ይተረካል። ዊትኒ ሁለት ግንዶች አሰናዳ። በአንደኛው መጋዞቹን እንጨቱ ውስጥ ቀብሮ ጫፋቸው ብቻ እንዲታይ፣ ሽቦ እንዲመስሉ አደረገ። በሌላው ሽቦዎቹን በብረት ጠርዝ ላይ ሰክቶ መጋዝ አስመሰላቸው። የተከሳሽ ምስክሮች መጋዙን ሽቦ፣ ሽቦውን መጋዝ ብለው ማሉ። እውነት ከሆነ በአንድ ማሳያ የብዙ ገጽ ክርክር ተዘጋ ማለት ነው።

ዳኛው የሥራው መርህ አንድ ነው አሉ። በጠባብ ክፍተት ውስጥ የሚያልፉ ጥርሶች ጭረቱን ይስባሉ፤ ፍሬው ይቀራል። ጥርሱን የተሻለ ማድረግ ማሻሻያ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የሌላውን ሰው ዋና ፈጠራ ያለ ፈቃድ የመጠቀም መብት አይሰጥም። ፍርዱ ለዊትኒ ሆነ።

ዊትኒ እስከዚያ በጆርጂያ ከ60 በላይ ክሶች መሥርቶ ነበር። ከፓተንቱ 14 ዓመት ውስጥ 13ቱ አልፏል።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራ

የሠራው በጅምላ ያደረገው ሽያጭ ነው። ከግዛቶቹ የመጣው ገንዘብ ቢጓተትም ገባ። ሌላው ሙከራ ሁሉ ከዚህ ጋር አይወዳደርም። ሆኖም ከገባው ውስጥ ብዙው ለጠበቃ፣ ለጉዞና ለዕዳ ወጣ። ከኒው ሄቨን እስከ ሳቫና ያለውን መንገድ በዚያ ዘመን መመላለስ ቀላል ወጪ አይደለም።

የ1800ው ማሻሻያ አስፈላጊ ነበር፤ ብቻውን ግን አልበቃም። የ1807ቱ ፍርድ በሕግ ታሪክ ትልቅ ቦታ አለው። ለዊትኒ ኪስ ግን ዘገየ። በ1812 ፓተንቱ እንዲታደስለት ኮንግረስን ጠየቀ። የደቡብ ተወካዮች ተቃወሙ፤ ጥያቄው ወደቀ።

ፈጽሞ ያልሠራው የ40 በመቶ ዕቅዱ ነው። ሌላውን ችግር ሁሉ ከፍ አድርጎ ያቀጣጠለው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። እሳቱ፣ ወሬው፣ የሕጉ ቀዳዳ፣ እነዚህ አጋጣሚ ናቸው። ማሽኑ ከመጀመሪያው በመጠነኛ ፈቃድ ቢሸጥ ኖሮ ሸሪኮቹ በየመንደሩ ሕጋዊ ተጠቃሚዎች ይኖሯቸው ነበር። ገንዘብ ከፍሎ የገዛ ሰው ሳይከፍል የሚጠቀመውን ጎረቤቱን ዝም ብሎ አያይም። ምስክርም ይሆናል፤ በጁሪም ቢቀመጥ ልቡ ወዲህ ነው። ሚለርና ዊትኒ ግን አንድም እንዲህ ያለ ወዳጅ ሳያፈሩ ፍርድ ቤት ገቡ።

ፍርዱ ያላነሳቸው ሰዎች

ዳኛው «ዕዳችን ተከፍሏል» ሲሉ የማን ጉልበት እንደከፈለው አልተናገሩም። በ1793 አሜሪካ ወደ ውጭ የላከችው ጥጥ ግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር። በ1810 93 ሚሊዮን ደረሰ። ማሽኑ ፍሬውን የመልቀም ድካም ቀነሰ፤ የመዝራትና የመሰብሰቡን ድካም ግን አበዛ። ያንን የተሸከሙት በባርነት የተያዙ ሰዎች ናቸው። በ1790 ቁጥራቸው ወደ 700 ሺህ ነበር፤ በ1860 አራት ሚሊዮን ተጠጋ። ብዙ ቤተሰብ ተለያይቶ ወደ አዲሶቹ የጥጥ መሬቶች ተነዳ።

የፓተንት ሕጉም በነሱ ላይ በሩን ዘግቷል። በ1850ዎቹ መጨረሻ አንድ የሚሲሲፒ ባለ እርሻ የእሱ ባሪያ የፈጠረውን የጥጥ እርሻ መሣሪያ በራሱ ስም ፓተንት ሊያወጣበት ጠየቀ። በ1858 የአገሪቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አይቻልም ሲል መልስ ሰጠ። ፈጣሪው ባሪያ ስለሆነ ማመልከት አይችልም፤ ጌታው ደግሞ ፈጣሪ አይደለም። የሰውየው ሥራ የማንም ሳይሆን ቀረ። የዊትኒን በደል ስናነብ ይህንን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ተገቢ ነው። እሱ ቢያንስ በር የሚያንኳኳበት ፍርድ ቤት ነበረው።

ለሌላ ጉዳይ የሚያገለግል

ዋጋ የሚቆረጠው ከፓተንቱ ጥንካሬ ሳይሆን ከመገልበጥ ቀላልነት ጋር ተመዛዝኖ ነው። ዕቃህን የሰፈር አናጢ በሳምንት የሚሠራው ከሆነ የምትጠይቀው ክፍያ አናጢው ከሚጠይቀው ብዙ መራቅ የለበትም። ልዩነቱን ለመሸፈን ጥራት፣ ጥገና ወይም ፈጥኖ ማድረስ ያስፈልጋል። ዊትኒ ሦስቱንም ማቅረብ አልቻለም፤ ፋብሪካው ከገበያው እጅግ የራቀ ነበር።

ጥሰቱ ሲበዛ ጣሾቹን አንድ በአንድ ማሳደድ አያዋጣም። አንድ የሚወክላቸው አካል መፈለግ ይሻላል፤ ማኅበር፣ ዩኒየን፣ የክልል ቢሮ። በጅምላ የሚገኘው ዋጋ በነጠላ ከሚታሰበው ያነሰ ነው፤ ግን እጅ ይገባል። ውሉ ላይ ደግሞ ቅድመ ክፍያው ከፍ ይበል። ከሳውዝ ካሮላይና ቀድሞ የተገኘው 20 ሺህ ዶላር ባይኖር ኖሮ ክፍያው ሲቋረጥ ዊትኒ ምን ይዞ እንደሚከራከር አላውቅም። እሱም የቅድሚያ ክፍያን ጥቅም ከዚያ በፊት በሌላ ውል አይቶት ነበር። በ1798 ለመንግሥት አሥር ሺህ ጠመንጃ ለመሥራት በ134 ሺህ ዶላር ሲዋዋል አምስት ሺህ ዶላር ቀድሞ ተቀብሏል። ርክክቡን በሁለት ዓመት እጨርሳለሁ ብሎ በ1809 ነው የጨረሰው፤ መንግሥትም ታገሠው። አንድ ደንበኛ፣ አንድ ውል፣ ጁሪ የለም።

ማስረጃ ደግሞ ከክስ በፊት ነው የሚሰበሰበው። ሰው ከተኳረፈ በኋላ ምስክር አይገኝም። ማን ገዛ፣ መቼ ተተከለ፣ የት ይሠራል የሚለው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በፊርማና በፎቶ መያዝ አለበት። የእኛ የፓተንት አዋጅ ቁጥር 123/1987 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ይህን ለሌላ ምክንያትም ይፈልገዋል። ፓተንት ለ15 ዓመት ይሰጥና ለተጨማሪ አምስት ዓመት ሊራዘም ይችላል፤ ማራዘሚያው የሚገኘው ግን ፈጠራው በኢትዮጵያ ውስጥ በአግባቡ ሥራ ላይ መዋሉ በማስረጃ ሲረጋገጥ ነው።